«የዘር ነው» የተባለው የልጄ ጥርስ

ባለፈው ቅዳሜ... የአምስት ዓመት ልጄን ኢምራንን ይዤ እዚሁ ዐረብ አገር፣ አል ዋሕዳ ሰፈር ያለ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። መንጋጋው ተበልቶ ሩዝ ማኘክ እንኳ አቅቶታል። ባሌ ሰዒድ አል ዓይን ከተማ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚመጣው ለእረፍት ቀኑ ነው፣ እሱም አብሮን መጣ።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፣ በአረብኛ ነው የምንግባባው። በጁስና በከረሜላ ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ተቆጣችም። ከዚያ ግን መስታወቷን ወደ ታችኛው ድድ አስገብታ ደጋግማ አየች...

«የታች ክራንቻዎቹን ማን ነቀላቸው?»

«ማንም። ሳይበቅሉ የቀሩ ናቸው» አልኳት።

ሰዒድ ቶሎ ብሎ «የዘር ነው ዶክተር። እኔም የለኝም፣ እህቶቼም የላቸውም» አለ። ደግሞ ኮራ ብሎ!

«እስቲ አንተም ክፈት» አለችውና አፉን አየች። ቀጥላ ልጁን ራጅ አነሳችው።

«ዘር አይደለም» አለች። «እኛም አገር አለ ይሄ ነገር። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱን ቀደው ያልበቀለ ጥርሱን ያወጡታል። ከሥር ያለው የትልቅነት ጥርስም አብሮ ይበላሻል። የልጃችሁ የታችና የላይ ጥርስ የማይገጥመው ለዚህ ነው።»

ግግ የሚሉት ነገር! የደሴ ልጅ ሆኜ እንዴት ጠፋኝ? ኢምራን የስድስት ወር ሕፃን እያለ አገር ቤት ገብቼ፣ ፓስፖርት ላሳድስ አዲስ አበባ ስሄድ ለአማቴ ትቼው ነበር። ስመለስ ተቅማጡ ቆሟል። እኔ ጅሏ ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኩ!

ደሜ ፈላ። ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው።

«እማዬ፣ ኢምራንን ግግ አስነቅለውታል?»

መካድ የለ፣ ማፈር የለ።

«አዎን፣ ታዲያስ! ባላስነቅለው ይሞትብሽ አልነበር? ሰዒድንም እህቶቹንም ያስነቀልኳቸው እኔ ነኝ፣ ወላሂ ሁሉም ይኸው አደጉ። አሁንም የፋጡማ ልጅ በተቅማጥ ታማብን፣ ግግ የምትነቅለው ሴትዮ ከዙሁር ሶላት በኋላ ትመጣለች።»

ፋጡማ የባሌ ታናሽ እህት ናት። ልጇ ገና አምስት ወሯ ነው። ለዙሁር ደግሞ ብዙ አልቀረም።

ሰዒድ እናቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«እማ፣ ኸላስ፣ በቃ! ያቺ ሴትዮ ወስፌዋን ይዛ ቤትሽ ከገባች እኔን ልጄ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!»

«በእናትህ ላይ ትጮኻለህ?»

«ጥርሴን ያስነቀለችኝ እናቴ አይደለችም እንዴ!»

ዘጉበት። ኢምራን ቀሚሴን ጎተተና «ማሚ፣ ዋት ኢዝ ግግ?» አለኝ። «ቤት እነግርሃለሁ» አልኩት። ፋጡማ ጋ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ... አታነሳም። እንደገና ሞከርኩ፣ አነሳች። ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«ፋጡማ፣ ልጅሽን አዝለሽ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«እማን ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት! ውጪ ብቻ!»

ወጣች። ከሰዓት በኋላ ፎቶ ላከችልን፣ ሕፃኗ ነርሷ ከበጠበጠችላት ኦአርኤስ በማንኪያ ስትጠጣ። ሰዒድ ፎቶውን እያየ አለቀሰ። እኔን ግን የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። የልጄ የተበላ መንጋጋ ተሞልቷል። ክራንቻው ግን ላይመለስ ሄዷል፣ ከፍ ሲል ጥርሱ እንዲስተካከል ለዓመታት ሽቦ ያስራል። ማን ጠየቀኝ? ማን አስፈቀደኝ?

አማቴ አኩርፈው ስልክ አያነሱም። ያኩርፉ! ያቺ የፋጡማ ልጅ ጥርሷን ሙሉ አብቅላ እሳቸውኑ እስክትነክሳቸው ድረስ ያኩርፉ።