ለሆሳስ እና የዘፋኙ አፍቃሪዎች

ለሆሳስ ብለን ስም ያወጣንላት እኛ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ነን። ማሽኖቹ ሁሉ እያጓሩ እንኳ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ የምትለውን ለመስማት ጆሮሽን አፏ ሥር መለጠፍ አለብሽ። ሆቴሉ ሁለት መቶ አርባ አልጋ አለው። የዚያን ሁሉ አልጋ አንሶላ ምድር ቤት ሆነን የምናጥበው፣ የምንተኩሰውና የምናጥፈው አምስት ሴቶች ነን። እኔ ከእሷ ጎን ባለው መተኮሻ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ የምናገረውን አውቄ ነው የምናገረው።

ለሆሳስ አንድ ድክመት ነበረባት፤ እሱም ዘፋኙ ነው። ሰውዬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ ይለፈልፋል። ለእኔ ጆሮ ጥጥ ጎርሶ የሚዘፍን ነው የሚመስለኝ። እሷ ግን አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ አንሶላ ስትተኩስ ብታዩዋት፣ ፊቷ ላይ የሚመጣው ነገር በደመወዝ ቀን እንኳ አይመጣም።

ዘፋኙ ስልክ ላይ የተሰበሰቡ አርባ ሺህ አፍቃሪዎች አሉት። መሰባሰቢያቸውን «ቤተሰብ» ነው የሚሉት፤ አንዱ የሌላውን ደጅ የማያውቅበት ቤተሰብ። ውድ ትኬት እየገዛ ከመድረኩ ፊት የሚቀመጠው ከስሙ ጎን የወርቅ ኮከብ ይደረግለታል፤ ሲናገር ሌላው ያጨበጭባል። ኮከብ የሌለው ደግሞ የሚያጨበጭብ ነው። ሰብሳቢያቸው የቤት ዕቃ ነጋዴ ሚስት ናት። በየጠዋቱ ሶፋ ላይ ተደላድላ «ቤተሰቦቼ፣ እንዴት አደራችሁልኝ» እያለች በቪዲዮ ትመጣለች። ሶፋው በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ንግግሩ አይቀየርም።

ለሆሳስ ኮከብ አልነበራትም። ሥራ ግን ነበራት። ሰውዬው ቃሉን እያላመጠ ስለሚዘፍን ማንም ምን እንዳለ አይሰማም፤ እሷ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ እየመለሰች አዳምጣ ግጥሙን በራሷ ገጽ ላይ በጽሑፍ ታወጣላቸዋለች። በምሳ ሰዓት እኛ ስናወራ እሷ ከፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣ በአውራ ጣቷ ትጽፋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰባት ዘፈን። «መዝገቧ» ይሏት ነበር። ያቺን ስም ስትነግረኝ እንደ ሹመት ነበር የነገረችኝ፤ እኔም ሆዴ ውስጥ ሳቅሁባት።

አንድ ጊዜ አንዷን ቃል ተሳሳተች። ሰውዬው «ናፍቆትሽን አልፌ መጣሁልሽ ዛሬ» ያለውን እሷ «ናፍቆትሽን አጥፌ» ብላ ጻፈች። ሳቁባት። አንዱ ባለኮከብ «ናፍቆት ደግሞ ይታጠፋል እንዴ?» አላት። እሷም «አጥፎ ያስቀመጠ ያውቀዋል» ብላ መለሰችና ሳታርመው ተወችው። እኔ ሳነበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዘፈን አንድ የረባ ቃል ተገኘለት አልኩ።

ከዚያ ታመመች። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፤ ጫማው አልገባ ሲላት ተረከዙን በመቀስ ቀድዳ አጠለቀችው። ተቆጣጣሪያችን ሥራ እያጓተተች ነው ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ወረቀቱን በተቀበለች በሦስተኛው ቀን መተኮሻው ሥር ወደቀች። ኩላሊቶቿ ሁለቱም ሥራ አቁመው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ታዘዘላት።

«የሰው አንሶላ ሳጥብ ኖሬ አሁን እኔው ታጣቢ ሆንኩ» አለችኝ በስልክ።

የእጥበት ክፍሉም ምድር ቤት ነው። ከአንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው ተዛወረች ማለት ነው። አሥራ ሁለት ወንበር፣ አሥራ ሁለት ማሽን፣ አንድ መስኮት፤ በመስኮቱ የሚታየው የሚያልፍ ሰው ጫማ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃና ቴሌቪዥን ያለው ክፍል እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ከታች ካሉት ግን ያየው የለም። ከጎኗ የሚታጠበው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አራት ሰዓት ሙሉ አብረው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ቀን ከማዳመጫዋ የሚያፈተልከውን ዘፈን ሰምቶ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጥርሱን ያመዋል እንዴ?» አላት። እሷም ሳቀች። ይህን ስትነግረኝ ሾፌሩን ሳላየው ወደድኩት።

ስለ እኔ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ከመናቄ በፊት ራሴን ልጨምር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሆስፒታል አልሄድኩም። የእሷንም መተኮሻ ደርበን ስለያዝን ደክሞኝ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን ፈራሁ። በየቀኑ በስልክ የልብ ምልክት እልክላታለሁ፣ ቀይ ልብ። ያንን ልኬ የጠየቅኋት መስሎኝ እተኛ ነበር። ከአርባ ሺዎቹ የምሻልበት ነገር ካለ ኋላ የመጣ ነው።

እሷ ስትታመም ዘፋኙ አዲስ አልበም አወጣ። ቤተሰቡ ግጥም ጠበቀ። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ማጉረምረም ጀመሩ። «መዝገቧ ምነው ጠፋች?» አለ አንዱ። «ስናከብራት ናቀችን» አለች ሌላዋ። «ለሌላ ቡድን እየሠራች ነው አሉ» ብሎ ሦስተኛው ጨመረበት። ይህን ሁሉ ከወንበሩ ላይ ሆና አነበበች። ተናዳ ሳይሆን አፍራ፣ መርፌ የተተከለበትን ግራ እጇን ፎቶ አንስታ ለጠፈች። ከሥሩ «ይቅርታ፣ ትንሽ አሞኝ ነው፤ እስከ ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች አደርሳለሁ» ብላ ጻፈች።

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ይህን እያሰብኩ እስከ ዛሬ ቆሽቴ ያርራል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ሺህ የተሰበረ ልብ ዘነበባት። «ቤተሰብሽ ከጎንሽ ነው» አሏት። ከጎኗ የነበረው ሾፌሩ ነው። በማግስቱ አንድ ባለኮከብ ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው ብሎ ተነሣ፤ እንዲህ ያለ ቱቦ ድሮ ሌላ ፎቶ ላይ አይቷል። ስድስት ሺው የተሰበረ ልብ ባንድ ጊዜ ተጠግኖ ጠበቃ ሆነ። «ማስረጃ ታምጣ»፣ «ማኅተም ያለው ወረቀት እንይ»፣ «በበሽታ የሚቀልድ ሰው አይተናል» አሉ። እሷም የሆስፒታል ካርዷን ለጠፈችላቸው። ዕድሜዋ፣ ክብደቷ፣ የደሟ ውጤት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነበር። አርባ ሺህ ሰው የአንዲት ሴት ደም አንብቦ ረካ።

ይኸኔ ነው የሄድኩት። ስገባ ከስታ፣ ፊቷ ብቻ አብጦ አገኘኋት።

«ምን አስለጠፈሽ?» አልኳት።

«ዋሸች እንዳይሉኝ ነዋ።»

«ቢሉሽስ? እነሱ እነማን ናቸው?»

በለሆሳስ «ሌላ የሚያውቀኝ ሰው የለማ» አለችኝ። አጠገቧ ቆሜ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጎኗ የቆምኩት እኔ ቆሜ።

በሳምንቱ ሰብሳቢዋ ለጉብኝት መጣች። እኔም ነበርኩ። አራት ሴትና አንድ ካሜራ የያዘ ወንድ፣ ከኋላቸው የዘፋኙ ፎቶ ያለበት በር የሚያክል ሸራ። ሽቶዋ ከመድኃኒቱ ሽታ ቀድሞ ደረሰ። ለሆሳስ ከንፈሯን በምራቋ አርጥባ ፀጉሯን በአንድ እጇ አስተካከለች፤ ያቺ እጇ አንጀቴን በላችው። ሰብሳቢዋ ካሜራው እስኪበራ ጠበቀች፤ ሲበራ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለ ታዛዥ እንባ አይቼ አላውቅም። መሀል ላይ ቀና አለችና ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«አባባ፣ ለትንሽ ደቂቃ ፈንጠር ይበሉልን፤ ምስሉ ውስጥ እየገቡ ነው።»

ሾፌሩ ከክንዱ እስከ ማሽኑ የተዘረጉትን ሁለት ቱቦዎች አሳያት። «እመቤት፣ እኔ ከዚህ ብነሳ ደሜ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው» አላት።

«እንግዲያው መጋረጃ የለም?»

ነርሷ መጥታ ሁሉንም አስወጣች። ሸራው በሩ ላይ ተጋድሞ አልወጣ ሲል ሲጎትቱት ጥጉ ተቀደደ። ለሆሳስ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ በእኔ ምክንያት ነው» ትላታለች። ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ክንዱ ሲነቃነቅ ማሽኑ ጮኸ።

ይህም አልበቃም። ከሁለት ወር በኋላ ዘፋኙ የግጥሞቹን መጽሐፍ አስመረቀ። መቶ ሰማንያ ሰባት ዘፈን፣ ወፍራም ወረቀት፣ ወርቅማ ጥራዝ። ከቀሪ ገንዘቤ ገዝቼ እጥበት ክፍሉ ድረስ ወሰድኩላት፤ ደስ ይላታል ብዬ። ገጹን ስትገልጥ የራሷ አጻጻፍ ነው፤ መስመር የምትሰብርበት ቦታ ሁሉ ሳይቀር። «ናፍቆትሽን አጥፌ» የሚለውም እንዳለ ገብቷል። ዘፋኙ በምረቃው መድረክ ላይ ያንኑ ቃል ዘፍኖታል፤ ለጋዜጠኛም «ያቺ ቃል ብዙ ሌሊት ነው ያስጨነቀችኝ» ብሎ ተናግሯል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ግጥሞቹን በትጋት የሰበሰበች» ተብሎ የተጻፈው ግን የሰብሳቢዋ ስም ነው።

ለሆሳስ ገጹን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ እዚያው ሆና ደወለችላት፤ እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ።

«እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ» አለች ሰብሳቢዋ፣ «አየሽው አይደል? ሁላችንም ኮርተናል።»

«የእኔን ስም አላየሁትም።»

«ውይ፣ አንቺማ ታመሽ! በዚህ ሁኔታሽ ልናስጨንቅሽ አልፈለግንም እኮ። ደግሞ ያው የቤተሰቡ ሥራ ነው፤ የእኔ የአንቺ ብሎ ነገር አለ እንዴ?»

«የለም ማለት ነው» አለች ለሆሳስና ዘጋችው።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ስልኳን ከቻርጀር ጋር አገናኝታ፣ ትራሷን ከፍ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀመረች። እየከፈተች ትደመስሳለች። አንድ ባንድ። በአንድ አውራ ጣት የተጻፈው በዚያው አውራ ጣት ይጠፋ ጀመር። ስልኩ ሁልጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም እርግጠኛ ነኝ ትለዋለች። እጥበቱ ሲያልቅ መቶ አርባ ደርሳ ነበር። የቀረውን ከሁለት ቀን በኋላ፣ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ጨረሰችው።

ቤተሰቡ እሪ አለ። «በሽታው አእምሮዋን ነክቶታል» አሉ። በዘፋኙ የምትቀና ሆነች፣ ለምቀኛ ተሽጣለች። መጽሐፉ ወርቅማ ሆኖ በእጃቸው እያለ ስለጠፋው ጽሑፍ አለቀሱ፤ ምክንያቱም ሲያዳምጡ ስልክ ላይ ያነቡ የነበረው የእሷን ነው፣ መጽሐፉ ለመደርደሪያ ነው። አንድ ሰው ብቻ «ግን እኮ የጻፈችው እሷ ናት» ብሎ ጻፈ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከቡድኑ አስወጡት።

ከዘፋኙ ቢሮም ተደወለ። መድረክ ላይ ከእግሩ ሥር የሚያነበው ስክሪን አለው፤ ለካ ስክሪኑም የሚቀዳው ከእሷ ገጽ ነበር። ደዋዩ ወጣት፣ ትሑት ነገር ነው።

«እባክሽ እህቴ፣ ቅዳሜ ዝግጅት አለን፤ ከመጽሐፉ ለመተየብ ጊዜ የለም፤ ፋይሉን ብቻ ብትልኪልን።»

«የእሱ ዘፈን አይደለም እንዴ?» አለችው። «ይሞክረው፤ ያስታውሰው ይሆናል።»

ቅዳሜ ሰውዬው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቃል ጠፍቶበት ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። ባለኮከቦቹ ከፊት ሆነው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሰብሳቢዋ በማግስቱ «ከእኛ ጋር አብሮ ሊዘፍን ፈልጎ ነው፣ እንዴት ያለ ፍቅር ነው» ብላ በቪዲዮ አስረዳች። አመኗት። እነዚህ ሰዎች ማስረጃ የሚጠይቁት ለሕመም ብቻ ነው።

አሁን ለሆሳስ እጥበት በሌለባቸው ቀናት ግማሽ ቀን ትሠራለች፤ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። ወንበሩን ያስፈቀድንላት እኛ ነን፤ ተቆጣጣሪው ወንበር ደንብ አይፈቅድም ሲል አራታችንም መተኮሻውን አጥፍተን ቆምን። ሩቅ አገር የሚኖረው ወንድሟ ኩላሊቱን ሊሰጣት ለምርመራ መጥቶ የመጀመሪያውን አልፏል፤ ሁለተኛው ገና ነው። ተስፋ አድርጊ አልላትም፤ እንዲህ የሚሏትን ጠግባለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ እሄዳለሁ። ባለፈው ስደርስ ከሾፌሩ ጋር ስለ አንድ መታጠፊያ ይከራከሩ ነበር፤ እሱ ድልድዩን አልፎ ነው ይላል፣ እሷ ከድልድዩ በፊት ነው ትላለች። ሠላሳ ዓመት መኪና ከነዳ ሰው ጋር ሙግት ገጥማለች።

«አንቺ ፍረጂ» አለኝ ሾፌሩ።

መንገዱን አላውቀውም። የነርሷን በርጩማ ስቤ መሀላቸው ተቀመጥኩና እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያስረዱኝ ጠየቅኋቸው።