የተረፈችው ችግኝ

በሰፈራችን ቅርጫ ሲታረድ ሥጋውን የምመድብ እኔ ነበርሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ሳልደርስ የቀረ ነው፤ እጄን ግን ሚዛን ነው ይሉታል። ዕጣ ወጥቶ ሁሉም ድርሻውን ሲያነሳ መሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠል ባዶውን ይቀራል። ያን ባዶ ቅጠል ማየት ደስ ይለኛል። ሰው የሚያምነኝም በእሱ ነው።

ታዲያ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ያለው ገበሬ ሁሉ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ መትከል በያዘበት ጊዜ፣ እኛም ስምንት ጎረቤታሞች ሆነን ችግኝ በአንድነት አፈላን። ሐምሌ ገብቶ መትከያው ሲደርስ እንደ ልማዳችን፣ "አንተ አካፍለን" አሉኝ።

ለየአሥሩ ችግኝ አንድ ጠጠር እያስቀመጥሁ ቆጠርሁ። መቶ ጠጠር ሞላና ዘጠኝ ችግኝ ቀረ፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መሆኑ ነው። ለስምንታችን መቶ ሃያ ስድስት፣ መቶ ሃያ ስድስት ደረሰን። አንዲት ተረፈች።

"ዛሬስ እጅህ አረጀ" አለኝ አብሮ አደጌ፣ ከስምንታችን አንዱ። "ወይስ ለራስህ ያስቀረሃት ናት?"

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን በችግኝ ከጠረጠሩኝ ነገ በሥጋውም ሊጠረጥሩኝ ነው ብዬ እንደገና ቆጠርሁ፤ ያው ነው። ኋላ፣ በማጠጣቱ ስታግዘን የከረመች አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ትዝ አለችኝና፣ "እሷንም እንጨምር፤ ዘጠኝ ስንሆን ይገጥማል" አልሁ። ተጠርታ መጣች። መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። አሁንም አንዲት ተረፈች።

"ይቺስ ሰይጣን አለባት" አለ አብሮ አደጌ።

በግቢዬ ተከራይታ የምትኖር የሒሳብ መምህርት ነበረች። ክረምት ስለነበር ቤት ውላ ልብስ ታጥባለች። ጠራኋት። እጇን ጠራርጋ እርሳስና ወረቀት ይዛ መጣች። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት እያለች አካፈለች፤ ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠች።

"አባባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ይህን ቁጥር ሁሉንም ለአንድ ሰው ካልሰጡት፣ ወይም ለሺህ ዘጠኝ ሰው አንዳንድ ካላደሉት፣ እኩል አይካፈልም። እንዲህ ያለውን ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን።"

"እስከ ሠላሳ አንድ ብቻ ሞክረሽ እንዴት አወቅሽ?" አላት አብሮ አደጌ።

"ሠላሳ ሁለትን በሠላሳ ሁለት ቢያባዙት ከሺህ ዘጠኝ ያልፋል። ትልቅ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አብሮት የሚባዛ ትንሽ ጓደኛ ይኖረው ነበር፤ እሱን ደግሞ እስካሁን አገኘው ነበር።"

አብሮ አደጌ ራሱን አከከ። "እንግዲያ ያቺን አንተው ውሰዳት፤ ደክመሃል" አለኝ፣ ድምፁ ለስልሶ።

"አልወስዳትም። ዕጣ ይጣልባት።"

እንደ ቅርጫው ሁሉ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ አዝራር እያለ ዘጠኛችንም ለመምህርቷ ሰጠናት። ዓይኗን ጨፍና አነሳች፤ አዝራሩ ወጣ። አዝራሩ የአብሮ አደጌ ነው። ሳቁን ያኔ ብታዩት።

ችግኟን በሩ ላይ ተከላት። የሁላችንም ተቆርጦ ከሰል ሲሆን እሷን አልነካትም፤ እስካሁን ከጥላዋ ሥር ተቀምጠን እንጨዋወታለን።

ያ ክረምት እንደወጣ በመጣው የመስቀል ቅርጫ ዕለት ቢላውን ያቀበለኝ እሱ ነው።

"አንድ ቁራጭ ቢተርፍህ መምህርቷን እንጠራለን" አለኝ።

መደብሁ፤ ዕጣው ወጣ፤ ሁሉም ድርሻውን አነሳ። አብሮ አደጌ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ቅጠል አየና እጄን ያዘኝ።