በጎረቤቴ ስም የወጣው ቁጥር

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ፣ ለሰባት ዓመት የሞባይል ቤት ነበረኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ካርድ እሸጣለሁ፣ ሲም አወጣለሁ። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ነበረች። በረንዳው ላይ፣ ከበሬ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠሩ ነበር። ስልሳን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ወደዚያ መንገድ ከመምጣቴ በፊትም እዚያው ነበሩ።

ጠዋት ሱቄን ስከፍት “አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?” ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም የማውቀውን ያህል በኦሮምኛ እመልስላቸውና የቀረውን ወሬ በአማርኛ እንጨርሰዋለን። ጋሼ ነበር የምላቸው። ሊሰግዱ ሲሄዱ ጨርቃቸውን እጠብቃለሁ፤ እኔ ወጣ ስል ሱቄን እሳቸው ያዩልኛል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።

ያን ጊዜ ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ኮፒ ነበር። ከደንበኛው ኮፒ እቀበላለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ቁጥሩን በደብተሬ እመዘግባለሁ፣ ወረቀቱን ለአከፋፋዩ አስረክባለሁ። ሁለት ኮፒ ይዘው የሚመጡ ብዙ ነበሩ። ትርፉን አንድ ካርቶን ውስጥ እጥለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም አስቤበት አልነበረም። ኋላ ነው ጥቅም ያገኘሁለት።

አንድ ሰውዬ መመላለስ ጀመረ። ዕድሜው ወደ አርባ ቢጠጋ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት እያስለቀምኩ ነው አለኝ።

“እህቴ፣ የቀን ሠራተኞቼ ከሩቅ ገጠር የመጡ ናቸው፤ መታወቂያ የላቸውም። ከቤተሰብ የሚገናኙበት ዘጠኝ ሲም ፈልጌ ነበር” አለ።

“ያለ መታወቂያ አይቻልም።”

“እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።”

ይህን ሲል ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ተታለልኩ ብል ውሸት ነው። ሽንኩርት የሚለቅም ሰው ሲም ቢፈልግ ራሱ መጥቶ እንደሚጠይቅ፣ አለቃው ዘጠኝ በአንዴ እንደማይወስድለት አውቃለሁ። ግን አከፋፋያችን በወሩ ብዙ ሲም ላወጣ ሱቅ ትልቅ የደጅ ጃንጥላ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። የአዳማ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ትገባብኝ ስለነበር ጃንጥላውን ፈልጌዋለሁ። ምክንያቴ ይኸው ነው። ትንሽነቱ ራሱ ያሳፍረኛል።

ካርቶኑን አውጥቼ ዘጠኝ ኮፒ መረጥኩ። ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ጠቁረው ስም እንኳ አይነበብባቸውም። ጋሼ ስልካቸው ጠፍቶ ሲም ሲያስቀይሩ የሰጡኝ ኮፒ ግን ጥርት ያለ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል፤ ፎቷቸውም ሊስቁ ሲሉ የተያዘ ይመስላል። ወረቀቱን ለትንሽ ጊዜ ይዤው ቆየሁ። የመኪናቸው ድምፅ ከበሩ ውጪ ይሰማኛል። ምን ሊመጣ ይችላል ብዬ፣ ቅጹን በሳቸው ስም ሞላሁት።

ጃንጥላውን አገኘሁ። ተከልኩት፤ ጋሼም መኪናቸውን ገፋ አድርገው ጥላው ስር አስገቡ። “ከልጆቼ የተሻልሽ ነሽ” አሉኝ።

ወራት አለፉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት በሚጣደፍበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎች ከፒክ አፕ መኪና ወረዱ። አንዱ ፖሊስ ነው፤ ሁለቱ ሲቪል ለብሰዋል። ጋሼን በሙሉ ስማቸው ከነአያታቸው ጠሯቸው።

“እኔ ነኝ” አሉ።

“ስልክዎን ያምጡ።”

ያችን አሮጌ ስልክ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ።

“ሌላውስ?”

“ሌላ የለኝም፣ ልጄ።”

ሲቪል ከለበሱት አንዱ ከወረቀት ላይ ቁጥር አነበበ። “ይህ በስምዎ ነው የወጣው። ማን ነው የሚጠቀምበት?”

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው አዩ። የጠረጠሩኝ አይመስለኝም፤ ስለ ስልክ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። እኔ ቁጥሩ ሲነበብ ሰምቼ፣ እንደ ሥራ ልማዴ፣ መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ። ጋሼ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ተነሱ። “ጨርቁን አስገቢልኝ” ብለውኝ ተሳፈሩ።

ጨርቁን አስገባሁ። ከዚያ ደብተሬን ገለጥኩ። ቁጥሩ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ባዩ ከወሰዳቸው ዘጠኙ አንዱ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ካርቶኑንም ደብተሩንም ቤቴ ወሰድኩና ግቢ ውስጥ አቃጠልኳቸው። አመዱን ውኃ አፈሰስኩበት። ፈሪ ሰው እንዲህ ፈጣን መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

በማግሥቱ ባለቤታቸው እያነከሱ መጡ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድ ይከብዳቸዋል። የምሳ ዕቃ ይዘው ነበር።

“ልጆቹ ሩቅ ናቸው። አንቺ ታደርሽልኛለሽ?” አሉ።

እንዴት እምቢ ይባላል? በየቀኑ ምሳ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ጀመርኩ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ክዳኑን ከፍቶ “ቅመሺ” ይለኛል፤ ምግብ የሚያመጣ ሁሉ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። በጋሼ ምሳ ላይ እጄን ሰድጄ እጎርሳለሁ። በግድ እውጣለሁ።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን በሽቦው አጥር በኩል ለጥቂት ደቂቃ እንድንነጋገር ተፈቀደልን። ጢማቸው አድጓል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

“ስልክ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ሳልሄድ፣ ሳልፈርም፣ በስሜ ሌላ ቁጥር እንዴት ይወጣል?”

በዚያች ሰዓት ልነግራቸው እችል ነበር። ከሳቸው በቀር የሚሰማኝ አልነበረም።

“እኔ እንጃ ጋሼ፤ ሲስተሙ አንዳንዴ ይሳሳታል” አልኩ።

“ሲስተሙ ነው?” አሉና ፊታቸው በራ። “እንደሱ ብዬ ልንገራቸዋ! አላህ ይስጥሽ።”

ነገሯቸው። በሚቀጥለው ቀን ስሄድ መርማሪዎቹ እንደሳቁባቸው ነገሩኝ። “ሲስተም የሚለውን ቃል ማን አስጠናህ አሉኝ” አሉ። የእኔን ስም ግን አልሰጧቸውም።

መንገዳችን ላይ ወሬው ተዛመተ። ከሰው አሻጋሪዎች ጋር ናቸው ተባለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከአሸባሪ ጋር ተባለ። ወላጆች ያልተሰፋ የዩኒፎርም ጨርቃቸውን ሊወስዱ መጡ። እየለየሁ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አንዷ እናት ጨርቋን አጣጥፋ እየያዘች “እኔስ ድሮም ዝምታቸው አይጥመኝም ነበር” አለች። እኔ አቀርቅሬ የሷን ክርና አዝራር ፈልጌ ሰጠኋት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባለቤታቸው ምሳውን ሲሰጡኝ ጋቢም ጨመሩበት።

“ነገ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል አሉ። ጉዳዩ የሽብር ነው አሉኝ። እዚያ ይበርዳል፤ ጋቢ ያስገቡለት ይሆን?”

አላለቀሱም። ጋቢው መግባት አለመግባቱ ብቻ ነበር ያስጨነቃቸው። ተቀብያቸው ሄድኩ። በሩ ላይ “ቅመሺ” ሲለኝ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። “መርማሪውን ማነጋገር እፈልጋለሁ” አልኩት።

መርማሪው ገና ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ከማቃጠሌ በቀር ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ጻፈ። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

“በየቀኑ ምሳ ይዘሽ ስትመጪ አይሻለሁ። ልጃቸው ነበር የመሰልሽኝ” አለ።

ከዚያ በዚያ ቁጥር ምን እንደተሠራ አስረዳኝ። ደላሎቹ ሰዎችን በወለንጪቲ በኩል በምሥራቁ መንገድ እየወሰዱ፣ ድንበሩ አጠገብ ቤት ውስጥ ይዘጉባቸዋል፤ ከዚያ ለቤተሰብ እየደወሉ ማስለቀቂያ ይጠይቃሉ። ያው መኪና ሲመለስ ባዶውን አይመጣም፤ መሣሪያ ይዞ ይገባል። መሣሪያውን የሚረከቡት ደግሞ ሌሎች ናቸው። “ሰው አሻጋሪውን ስንከተል ነው እዚያ የደረስነው። መንገዱም አንድ፣ ስልኩም አንድ ነው። ሽማግሌው በዚህ ሁሉ መሀል የተገኙት ለዚህ ነው” አለኝ።

“የተደወለላቸው ቤተሰቦች…” ብዬ ጀመርኩ።

“አንዷ የወለንጪቲ ሴት ናት። ገበያ ላይ እህል ትሸጣለች። በዚህ ቁጥር ደውለው የልጇን ለቅሶ አሰምተዋታል። ልጅቷ እስካሁን አልተገኘችም።”

ቀጠለና ካርቶኑንና ደብተሩን አምጪ አለኝ።

“አቃጥዬዋለሁ።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። “የቀሩት ስምንት ስልኮች ዛሬም ይሠሩ ይሆናል። ደብተሩ ቢኖር አሁኑኑ እንከታተላቸው ነበር። ከአከፋፋዩ እስኪጣራ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ይጥሏቸዋል” አለ። ኮፒያቸውን ከተጠቀምኩባቸው ዘጠኝ ሰዎች የሦስቱን ስም ብቻ ማስታወስ ቻልኩ።

ጋሼ በዚያ ቀን የሚፈቱ መስሎኝ ነበር። አልተፈቱም። ወረቀት ስለሌለኝ ቃሌ ብቻውን አልበቃም፤ አንዲት ጎረቤት ልታስፈታቸው የፈጠረችው ታሪክ ሊሆን ይችላል ተባለ። ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው ብቻ ተሰረዘ። እኔም ታሰርኩ። የአከፋፋዩ ሰነድ ተጣርቶ እስኪመጣ ወር ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። የእኔ እሳት የጨመረባቸው እስር ነው። ፍርድ ቤት በኋላ እኔን በገደብ ለቀቀኝ። ሱቁን ዘጋሁ። ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ያለኝን ሰው ዓለም ጤና ላይ የሚያውቀው አንድም ሰው አልተገኘም።

ጋሼ ሲፈቱ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ቆይቷል። የዓመቱ ሥራ አልፏል። ወደዚያ በረንዳም አልተመለሱም፤ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ቅዳጅ መጣፍ ጀመሩ። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የተፈቱት ንጹሕ ሆነው ነው ቢባልም፣ የመታሰራቸው ወሬ የደረሰው ጆሮ ሁሉ የመፈታታቸው ወሬ አልደረሰውም።

ፈርቼ ፈርቼ አንድ እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ዞረው ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሼ በርጩማ አሳዩኝ። መቀመጥ ስላልቻልኩ እግራቸው ሥር ልወድቅ አጎነበስኩ፤ ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

“ወረቀቱን ይቅር ብዬሻለሁ። ሰው ይሳሳታል” አሉ።

“ጋሼ…”

“ስሚኝ። በአጥሩ በኩል ጠየቅሁሽ። ዓይንሽን እያየሁ ነው የጠየቅሁሽ። ያን ቀን ሲስተሙ ነው ያልሽኝን ምን ላድርገው? ልረሳው እየሞከርኩ ነው። አልሆነልኝም።”

ኢንተላ ኮ አላሉኝም። በአማርኛ ብቻ ነበር የተናገሩኝ። አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ለሰላምታዬ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ።

ዛሬ ሲም የሚወጣው በጣት አሻራ ነው ይላሉ። እኔ በሰው የቤት ዕቃ ሱቅ ተቀጥሬ የፕላስቲክ ባልዲና ሰፌድ እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ ለማንም ሳልናገር በሚኒባስ ወለንጪቲ ሄድኩ። የእህል ተራውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የሴትየዋን ስም አላውቅም፤ መርማሪው አልነገረኝም። የደረሰች ልጅ ሊኖራቸው የሚችል ብዙ ሴቶች ማሽላና ጤፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዷ “ነይ ልስፈርልሽ” ብላ ጠራችኝ። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ልጅ አለሽ ወይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምላት ግን አላወቅሁም።

አንድ ጣሳ ማሽላ አስፈርኩ። ከነፌስታሉ ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ አዳማ በሚመለሰው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።