ንግሥት የሾመችው ባለጅ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ጎንደር ላይ ክረምት ሲገባ መብራቱ ይሄዳል፣ እናቴ ኩራዙን ትለኩሳለች፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙላትም ጋቢውን ተከናንቦ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ይሰየምና ጨዋታ ይጀምራል። አያ ሙላት በወጣትነቱ ስኮትላንድ ተምሮ የመጣ መካኒክ ነበርና የሰፈሩ ልጆች የጦጣና የቀበሮ ተረት ሲሰሙ እኛ ስለ ድንጋይ ከሰል እንሰማ ነበር።

በዚያ ክረምት ቤታችን አኩርፎ ነበር። ታላቅ እህቴን ትዕግሥትን ሊያገባ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ እናቴ የልጁ አያት በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ማረሻ ይቀጠቅጡ እንደነበር ስትሰማ «ባለጅ ለኔ ልጅ!» ብላ ሽማግሌዎቹን በመጡበት መለሰቻቸው። ባለጅ ማለት የእጅ ሙያ ያለው ማለት ነበር፤ በእኛ አገር ግን ቡዳ ማለት ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። እናቴ እጇ ሳይርድ መርፌ የምትወጋ ነርስ ነበረች፤ ቡዳን ግን አጥብቃ ትፈራለች። እህቴ መሳቅ ከተወች ሰንብታለች።

አንድ ምሽት አያ ሙላት የአንድ ስኮትላንዳዊ ታሪክ ጀመረ። ሰውየው ገና በጉብዝናው ጉድጓድ ወርዶ የድንጋይ ከሰል ይቆፍራል፣ ማታ ማታ ይማራል፤ ውሎ አድሮ የጉድጓዱ አለቃ፣ ከዚያም ብረት የሚቀልጥባቸው ፋብሪካዎች ሁሉ አዛዥ ይሆናል። ጉድጓዱ ተደርምሶ ሰዎች ሲቀበሩ ከረባቱን እንኳ ሳይፈታ ሊያወጣቸው ከቆፋሪዎቹ ጋር ወረደ። እናቴ የያዘችውን ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታዳምጥ ጀመር። በመጨረሻም የእንግሊዝ ንግሥት አስጠርታ ትከሻውን በሰይፍ ነካ አድርጋ «ሰር» አለችው።

«ሰር ምንድን ነው?» አልሁ።

«ደጃዝማች በይው።»

«ሸጋ ሰው!» አለች እናቴ። «ከእንዲህ ያለ ዘር መዛመድ እንዴት ያለ መታደል ነው!»

አያ ሙላት ፍሙን ቆስቆስ አደረገ። «ዘሩንማ ካነሳሽ፣ አያቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ባለጅ።»

እኔ ደነገጥሁ። «ታዲያ ጅብ ሆኖ ንግሥቲቱን አልበላትም?»

እህቴ በሳቅ ፈረሰች። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «አያ፣ ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ?» አለች።

«እኔማ ጨዋታ ነው ያወራሁት፣ እቴ።»

እናቴ ሹራቧን አንስታ ወደ መኝታዋ ገባች። ሰንበት ሲደርስ ግን «ልጁ ይምጣና ልየው» አለች። መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በባለጅ ፊት መሶብ አይከፈትም፤ ዓይኑ ያረፈበት እህል ሆድ ያሳምማል ይባላላ። እህቴ ጓዳ በር ላይ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። እናቴ አማተበች፣ መሶቡን ከፈተች፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላም ወደ ልጁ አፍ ዘረጋች።

ከዚያ ስኮትላንዳዊ ታሪክ የቱ እውነት እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ አያቱን ቀጥቃጭ ያደረገው አያ ሙላት ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ከልቤ ያልወጣው የእናቴ እጅ ነው። የጉርሻው ወጥ እስኪንጠባጠብ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ግን አጎረሰችው።