ስቲከሩ ላይ የቀባሁት ቁጥር

ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም። ያበላሸው መብራት ነው፤ ሄዶ ሲመለስ የውስጡን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ አቃጠለው። እኔ ያበላሸሁት ስቲከሩን ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሁለቱን ነገር ሆን ብለው የሚቀላቅሉ ሰዎች ቢሮው ውስጥ ስለነበሩ ነው።

አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት በር ጠብቄአለሁ። ብሔሬ በርታ ነው፤ አማርኛውን የለመድኩት እዚያው በር ላይ፣ ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ከአርባ ዓመቴ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ማንበብ ስችል ንብረት ክፍል አስገቡኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ በዕቃው ሁሉ ላይ የመለያ ቁጥር በቀይ የዘይት ቀለም መጻፍ ነበር። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድም አልቀረኝም። ኮምፒውተሩ ጥቁር ነው፤ ቀይ በጥቁር ላይ ደህና አይታይም። ጎኑ ላይ አንዲት ነጭ ወረቀት ተለጥፋ አገኘሁና ቁጥሬን እሷ ላይ ጻፍኩ። አምሮ ነበር። የፈረንጅ ፊደል አላውቅም፤ ወረቀቷ የሲስተሙ ፈቃድ መሆኗን የነገረኝም የለም።

ከዓመታት በኋላ ነው መብራቱ ያቃጠለው። አዲሱ ማዘርቦርድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ ተገጠመ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ፋይሉም ደህና ነበር። ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ሲስተሙ አክቲቬት አልሆነም የሚል ጽሑፍ ወጣ። የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣና አሶሳን እንደ እስር ቤት የሚቆጥር ሰው፣ ነገሩን አስረዳን። ማሽኑ አዲሱን ቦርድ ሲያይ ሌላ ኮምፒውተር የሆነ መስሎታል፤ በፈረንጅ ፊደልና አኃዝ የተጻፈው የፈቃዱ ቁጥር እንደገና መግባት አለበት። ከዚያ ሁሉ እንደ ከተማው ሰው ያለ ፈቃድ የሚያሠራውን ክራክ ልጫንበት አለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አልፈቀደችም፤ የንብረት መዝገብ ያለበት ማሽን ላይ ክራክ እንዳይጫን ከበላይ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ባለሙያው ስቲከሩን ሊያነብ ጎንበስ ሲል ቀዩን ቁጥሬን አየ። እየሳቀ ኃላፊዋን ጠራት።

እሷ አልሳቀችም። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ንብረት ክፍሉን ለባለሙያው አስረክቤ ወደ በሩ እንድመለስ ነገረችኝ። በር መጠበቅ ነውር አይደለም። እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ የሰፈር መሳቂያ ሆኜ ደብተር ይዤ የተመላለስኩት ለዚህ አልነበረም።

በምላጭ ብነካው ወረቀቱ ይቀደዳል። የምግብ ዘይት በጥጥ ነክሬ ቀለሙ ላይ አሳደርኩና በጥፍሬ ፋቅኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሎቹ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ ስማቸውን ስለማላውቅ፣ እንደ ሥዕል ገለበጥኳቸው። ባለሙያው ወረቀቴን ተቀብሎ አንዷ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ፋዘር፣ ይቺ ምንድን ናት? ጎጆ ነው የሳልከው?»

«የተማርከው አንተ ነህ፤ አንብበዋ» አልኩት።

አንብቦ አስገባው። ማሽኑ አልቀበልም አለ፤ ፈቃዱ የተመዘገበው በተቃጠለው ቦርድ ነውና።

«አለቀ ፋዘር» አለ ወንበሩ ላይ እየተለጠጠ። «በሩ ናፍቆሃል።»

ስክሪኑ ላይ ከታች ሌላ መስመር ነበር። ምን እንደሚል ጠየቅኩት። በስልክም ይከፈታል ነው የሚለው፣ ግን የሚያናግርህ ማሽን ነው፣ ኔትወርኩም አይዘልቅም፣ ማን ሲደነቁር ይውላል አለኝ። ያን መስመር እያየ ነው አለቀ ያለኝ። ሰነፍ።

አስደወልኩት። በእንግሊዝኛ የሚያወራውን ድምፅ እሱ ይሰማል፤ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ቁጥሮች ስልኩ ላይ የምነካው እኔ ነኝ። እሱ ሲቸኩል ይስታል፤ ቁጥር መገልበጥ የእኔ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ መሃል ላይ መስመሩ ተቋረጠ፤ ሁለት ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው። በሦስተኛው ድምፁ ሲስተሙ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ጠየቀ። አንድን ነካሁ፤ እውነቱም ያ ነው። ድምፁ በተራው ቁጥር ሰጠን፣ ባለሙያው ጽፎ አስገባው፣ የጥጉ ጽሑፍ ጠፋ። ሐሙስ ከሰዓት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ባለሙያው ሪፖርት ይዞ መጣ፤ በንብረት ክፍል በኩል እንድፈርም። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቆሞ ሲቁነጠነጥ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስቲከሩ ባልታወቀ ሰው በቀለም ተበላሽቶ እንደነበርና ባለሙያው ባደረገው ከፍተኛ ጥረት እንደተስተካከለ ይላል። ውለታ መዋሉ ነው፤ ጥፋቴን ደብቆ ሥራዬን መውሰድ።

«ምን ጎደለው?» አለኝ።

«የቀባሁት እኔ ነኝ፣ የፋቅኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጻፍ።»

ተያይዘን ኃላፊዋ ዘንድ ገባን። ጥፋቴ በጽሑፍ ከገባ ዝም ብላ ልታልፈው እንደማትችል ነገረችኝ፤ ለራሴ እንዳስብም መከረችኝ።

«ይጻፍ» አልኳት። «እኔ በሌለሁበት ወረቀት ላይ አልፈርምም።»

ተጻፈ፣ ፈረምኩ። ንብረት ክፍሉ እጄ ላይ ቀረ። ባለሙያው ሰላምታውን አቋረጠ፤ አልጎደለብኝም። በሳምንቱ የመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ተቀምጬ አነበብኩት። ከስሜ ቀጥሎ «የጥበቃ ሠራተኛ» ብለውኛል። አርመው እንዲያመጡት መለስኩት።