መሪጌታ ገብረማርያምና የመተማ ሽመላዎች

መሪጌታ ገብረማርያም ከጭልጋ ወደ መተማ የወረዱት በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ጎንደር በገባ ሰሞን ነው። ቆላው አልተስማማቸውም፤ ክረምቱን ሙሉ ወባ አልጋ ላይ ጣላቸው። ተኝተው በበሩ በኩል የሚታያቸው አንድ ትልቅ ዋርካና እላዩ ላይ የሰፈሩት ሽመላዎች ብቻ ነበሩ። ሲያገግሙ ያዩትን መጻፍ ጀመሩ።

ኑሯቸው ለሰው ደብዳቤ በመጻፍ ነበር። ከዚያ የተረፈውን ወረቀት በደብተር መልክ ሰፍተው ሽመላዎቹ መቼ እንደመጡ፣ ስንት ጎጆ እንደሠሩ፣ ምን እንደበሉ አሰፈሩበት። ባለሱቁ ኸሊፋ፣ እነዚህ ወፎች ሱዳን «ሲምብር» እንደሚባሉና ዝናብ ይዘው ስለሚመጡ ማንም እንደማይነካቸው ነገራቸው። በመተማው ምሽግ የሰፈሩት የጣሊያን ወታደሮች ግን ለኢላማ መለማመጃ ይተኩሱባቸዋል። መሪጌታ እየሄዱ ይለምናሉ፤ እነሱም ይስቁባቸዋል።

በ1931 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከዋርካው ሥር ሲጽፉ ተያዙ። የምሽጉ አስተርጓሚ ደብተሩን ገልጦ ለአዛዡ አነበበለት፦ «ግንቦት ፲፪። ሠላሳ አራት ከደቡብ ገቡ። ሆዳቸው ነጭ ነው። ሁለቱ ዞረው ተመለሱ።» እንግሊዝ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ላይ ነውና፣ አዛዡ የአውሮፕላን ቆጠራ ነው ብሎ አሰራቸው።

«ለመሆኑ ሰው ወፍ ይቆጥራል?» አላቸው አስተርጓሚው።

«እግዜር ከፈጠረው፣ ብቆጥረው ምን ነውር አለው?»

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ለምሽጉ ጨውና ስኳር የሚያስገባው ኸሊፋ አዛዡ ፊት ቀረበ። «ደብተሩን አንብበውልኛል፤ አሥራ ሰባት ጎጆ፣ ሦስቱ ጫጩት የሌላቸው ይላል። ዛፉ ላይ ሰው አውጥታችሁ አስቆጥሩ። ካልሆነ እኔንም እሰሩኝ» አለ።

አንድ ወታደር ወጣ። ጎጆው አሥራ ሰባት ሆነ፤ ባዶው ግን አራት ተገኘ። መሪጌታ ሲጠየቁ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፦ «ማክሰኞ እዚሁ ታስሬ ሳለሁ ተኩስ ሰምቻለሁ። አራተኛው እሱ ነው።»

እውነትም አንድ ወታደር ማክሰኞ ዕለት ተኩሶ ነበር። አዛዡ ለቀቃቸው፤ ደብተሩን ግን አልመለሰም። ዋርካው ላይ እንዳይተኮስም አዘዘ፤ አዝኖ ይሁን ለጥይቱ ሳስቶ መሪጌታ አላወቁም።

በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከገላባት በኩል የወረደው መድፍ ሰፈሩን አነደደው፤ ዋርካውም ከግንዱ ተሰነጠቀ። ሽመላዎቹ አስቀድመው ሄደው ነበር። መሪጌታ ከኸሊፋ ቤተሰብ ጋር ወደ ገንዳ ውሃ ሸሽተው፣ ጣሊያን መተማን ከለቀቀ በኋላ ተመለሱ።

ግንቦት ላይ ወፎቹ መጥተው ዛፉን ሲያጡ፣ የኸሊፋ እኅት ሐሚዳ አዲስ በከደነችው ቤት ላይ እንጨት መከመር ጀመሩ። ሐሚዳ በረጅም ዘንግ ልታባርራቸው ወጣች።

«ተያቸው ልጄ» አሏት መሪጌታ። «ሣሩን ካበላሹት እኔ እከድንልሻለሁ።»

«እርስዎ? በዚህ ዕድሜዎ?» አለችና ዘንጉን አስቀመጠች።

ክረምቱን ዘጠኝ ጫጩቶች ከዚያ ጣሪያ በረሩ። ሣሩ ግን በስብሶ ቤቱ ያፈስስ ነበር። መሪጌታ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ጥቅምት ላይ መሰላል ተውሰው ወጡ፣ ሦስት ቀንም ከደኑ።