ለአንዲት ቃል የተጠራ ምስክር

ከክፍል ያወጡኝ እንግሊዝኛ እያስተማርሁ ነው። ገበሬው የግብሩን አዋጅ እምቢ ብሎ ወታደር ወደየገጠሩ የወረደበት ዓመት ነበር። ሰሌዳው ላይ «ወታደሮቹ ሉቱን ተከፋፈሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ፤ ስለ እንግሊዝ ጦር ከሚያወራ መማሪያ መጽሐፍ የገለበጥሁት ነው። ሉት ማለት ጉልበተኛ ከሰው ነጥቆ የወሰደው ዕቃ ነው። አንዱ ጆሮ ጠቢ ተርጉሞ ለፖሊስ አደረሰው። በትርጉሙ ቅሬታ የለኝም፤ በትክክል ተርጉሞታል።

ጣቢያው በር ላይ አንድ አሥር አለቃ ፈተሸኝና ኮቴን አስወለቀኝ።

«ይመረመራል» አለ።

ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። በሸሚዝ ብቻ አስገቡኝ። የደብረ ማርቆስን የሰኔ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የእስር ክፍሉ የሽንትና የረጠበ ጭድ ሽታ ነበረው። ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጋቢያቸው ግማሹን ጣል አደረጉብኝ።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?»

«አንድ ቃል አስተምሬ።»

ቃሉን ነገርኋቸው። እሳቸውም የመጡበትን ነገሩኝ፤ ወታደሮች በሬዎቻቸውን ሲነዱባቸው ወዴት ነው ብለው ስለጠየቁ ነው የታሰሩት።

«ለዚህ እንግሊዝም ቃል አለው በለኛ!» አሉ። «እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

በማግሥቱ የጣቢያው ሻምበል አስጠራኝ። ውጭ አገር የሠለጠነ ነኝ ባይ ነበር። ከበሩ ሥር አሥር አለቃው ኮቴን ለብሶ ቆሟል። እጅጌው አጥሮበታል።

«የማን ወታደሮች ናቸው የተከፋፈሉት?» አለ ሻምበሉ።

«የእንግሊዝ። ህንድ አገር።»

«የእንግሊዝ ጦር አይዘርፍም። የሠለጠነ ሕዝብ ነው።»

መቅደላ ትዝ አለኝ። ሰውየው ስለ መቅደላ ሊነግሩት የሚገባ ሰው አልነበረም።

ቃሉን እንዲፈታ ከትምህርት ቤቱ ህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህር ተጠራ። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጃንጥላ የማይለየው፣ ኮንትራቱ በየዓመቱ የሚታደስለት፣ ፖሊስ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ፈሪ ሰው ነበር። ሻምበሉም ይህን ያውቃል፤ የጠራው ለዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ ጥያቄው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ እንደምንም ደረሰ። ቃሉ መንግሥትን ለመስደብ የገባ መሆኑን እንዲመሰክር ነበር የፈለገው።

መምህሩ መነጽሩን ጠርጎ መለሰ።

«ቃሉ የእኛ ነው። ሉት በእኛ ቋንቋ ዘረፋ ማለት ነው። እንግሊዞች አገራችን መጥተው ዕቃውን ወሰዱ፤ ስሙንም አብረው ወሰዱት።»

«ታዲያ እንግሊዝኛ አይደለማ!» አለ ሻምበሉ፣ አንድ ነገር ያገኘ መስሎት።

«አሁን ሆኗል። የሰው ዕቃ ሲቆይ የራስ ይመስላል።»

ይህን እንደተናገረ ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ። የኮቱን ክርን አየ፤ ቆዳውን አየ። ከዚያ እኔን በሸሚዜ አየኝ። እንግሊዝኛውን ተወና ገበያ ላይ ብቻ በሚናገራት አማርኛ ወደ አሥር አለቃው ዞረ።

«ይሄ ኮት የሱ ነው። አንተ ለበሰ። ይሄ ሉት!»

አሥር አለቃው እጅጌውን ቁልቁል ተመለከተ። መምህሩ ጃንጥላውን በሁለት እጁ ጭብጥ አደረገ።

ሻምበሉ አስወጣውና ወረቀት ወደ እኔ ገፋ።

«ይህ ህንድ ለአመፅ እንደሚቀሰቅሳችሁ ጻፍ። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

ወረቀቱን ሳብሁ። ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት የእጅ ጽሑፍ ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ጻፍሁ። ሻምበሉ ከክሱ ላይ ቃሉን ሲጽፍ አንድ ፊደል ገድፎ ነበርና እሱንም አረምሁለት። ሲያነብ ፊቱ ቀላ። በጥፊ መታኝና ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ከዚያ ሰው እጅ ከጥፊ የተሻለ ነገር አልጠበቅሁም።

ሲመሽ በሩ ገርበብ ብሎ ኮቱ ተወረወረልኝ። ለሽማግሌው ሁሉንም አጫወትኋቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ያን ህንድ ለበሬዎቼም ባመጣህልኝ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እኔ ከመስቀል በኋላ ተፈታሁ። እሳቸውን ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሻምበሉ ተሹሟል ሲሉ ሰማሁ፤ የት እንደደረሰ ጠይቄ አላውቅም።

የህንዱ ኮንትራት አልታደሰም። እኔ እስር ቤት ስለነበርሁ አውቶቡስ ድረስ የሸኙት ተማሪዎቼ ናቸው። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እስር ቤት ለመምህር ምሳ ማን ይወስዳል?» አላቸው አሉ። በተራ እንደሚወስዱ ነገሩት። እሺ ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬአለሁ፤ ጋዜጣ እንኳ በእስክሪብቶ ነው የማነበው። ያንን «አንተ ለበሰ»ን ግን ለልጅ ልጆቼ ስናገር ሰውየው እንዳለው ነው የምናገረው። «ለበስህ አይባልም ወይ?» ይሉኛል። አይባልም እላቸዋለሁ።